ወደ ውስጥ የዞረው ጎማ

«ከመሃላችን ጆሮ ጠቢ አለ አሉ» አሉ ጋሼ፣ ለሦስተኛ ጊዜ።

«እነማን ናቸው ያሉት?» አለች ረዳታቸው።

«አሉ ነዋ! አሉ የሚባል ሰው አድራሻ አለው እንዴ?»

ጋሼ የጀልባ ጋራዡ ባለቤት ናቸው። ጆሮ ጠቢዋ ደግሞ እሷ ነች። ስምንት ወር ሙሉ ከጎናቸው ቆማ መፍቻ አቀብላለች፣ ሙያ ተምራለች፣ «ልጄ» ተብላለች። የላኳት የጠረፍ ጥበቃ ሰዎች የሚያውቋት «መርፌ» ብለው ነው።

የመለዋወጫ ነጋዴው ገባና ካርቶን ጠረጴዛው ላይ ወረወረ። በስለላው ሥራ አለቃዋ እሱ ነው።

«ያዘዝሽው ጎማ። ቁጥሩን እይው።»

አየችው። ከጎማዎቹ ስር የተጣጠፈች ወረቀት ነበረች።

«ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት። ባለ ኮፍያው ብቻውን። ማዶ አይድረስ።»

ባለ ኮፍያው የጋራዡ ደንበኛ ነው፤ የጠረፍ ጠባቂዎቹን ካርታ ሰርቆ ማዶ ሊያሻግር ነው። የሚሻገርባት ጀልባ አሮጌ ነች። ከኋላዋ የተንጠለጠለው የማርሽ ቤት ውሃ አስገብቶ ዘይቱ ወተት መስሎ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ፈቱት፣ አጠቡት፣ ኩሽኔታውን ለወጡ። የቀረው ማሸግ ብቻ ነው። የፕሮፔለሩ ዘንግ ላይ ሁለት ቀለበት መሰል የማሸጊያ ጎማ ጀርባ ለጀርባ ይገባል። የአንዱ ከንፈር ወደ ውስጥ ዞሮ ዘይቱን ይይዛል። የሌላው ወደ ውጭ ዞሮ ውሃውን ይመልሳል።

እሷ ሁለቱንም ወደ ውስጥ አዞረቻቸው።

እንደ ማንኛውም ቀን እያንጎራጎረች አሸገችው። በኋላ ያሳፈራት ይኸው ነው።

ጋሼ ማፍሰስ አለማፍሰሱን ለመሞከር አየር ሞሉበት። የመለኪያው ቀስት ንቅንቅ አላለም፤ አየሩን የውስጡ ጎማ ይዞታላ! የውጭው ጉድ የሚወጣው አየሩ ሲመጠጥ ነው።

«መምጠጫውስ?»

«እርስዎ ምሳ ሲሄዱ ሞክሬዋለሁ።»

«አንቺ ካልሽ አበቃ» ብለው ሳቁ። «ከኔ ዓይን ያንቺ እጅ ይሻላል።»

ምናለ በተቆጧት!

የጋራዡ ሕግ አንድ ነው፦ የማርሹን ቤት ያሸገ ሰው የመጀመሪያውን ጉዞ አብሮ ይሄዳል። ሆዴን ቆረጠኝ ልትል ተዘጋጅታ ነበር። ጋሼ ቀደሟት።

«ዛሬ የምሄደው እኔ ነኝ።»

«ምን ሲደረግ? ያሸግኩት እኔ ነኝ!»

«ሕጉን ያወጣሁት ደግሞ እኔ። ፊትሽን አይተሽዋል? አመድ መስለሻል። ሂጂ ተኚ።»

ነጋዴውን በር ላይ ደረሰችበት።

«ብቻውን ነው ብለኸኝ ነበር!»

«ያለ መካኒክ ውሃ አይነካም ሰውየው።»

«ታውቅ ነበር?»

«አንቺ ብታውቂ ኖሮ ጎማውን ታዞሪው ነበር?»

በጥፊ ልታጮለው ቃጣት። አላጮለችውም። እየሮጠች ወደ ማቆሚያው ተመለሰች።

ሞተሩ ተነስቷል። ጋሼ መሪው ላይ ናቸው፣ ባለ ኮፍያው ከጎናቸው። አንድ ቃል ብትናገር ይድናሉ። ያው ቃል ስምንት ወሩን ገደል ይከተዋል።

አፏን ከፈተች።

ጋሼ እጃቸውን አውለበለቡላት።

ዘጋችው።

ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ ሰርጡ አጠገብ፣ ውሃ የገባበት ማርሽ ነክሶ ያዘ። ጀልባዋ ቀጥ አለች። አድፍጠው የቆዩት ጠባቂዎች እስኪደርሱ አራት ደቂቃ ፈጀባቸው። ባለ ኮፍያው ግን «ጆሮ ጠቢው አንተ ነህ» ብሎ ጋሼን ተኩሶ ለመግደል አንድም አልፈጀበትም።

ካርታው ተመለሰ። ሰውየው ተያዘ። «ሥራው ተሳክቷል» ተባለች። ማን ላይ እንደተሳካ የነገራት የለም።

ከሦስት ወር በኋላ ሌላ ከተማ ውስጥ የልብስ ስፌት መኪና ትጠግናለች። ስሟ ሌላ ነው፣ ፀጉሯ አጭር። ደንበኞቿ መልኳን እንኳ ልብ አይሉትም። ያው ነጋዴ፣ አሁን የክር ሻጭ ሆኖ፣ መዝጊያ ፊርማ እንድትፈርም የዚያን ሥራ መዝገብ አመጣላት። በማታውቀው ስም ፈረመች። ከዚያ፣ ሲቸኩል ያልነጠለውን የስልክ መመዝገቢያ ገጽ ገለጠች።

«ምንድነው ይሄ?»

«እሱን ተይው። ያነበብነው በማግስቱ ነው።»

ቀኑ የዚያን ዕለት ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ አንድ አዛውንት የጀልባ መካኒክ ለጠረፍ ጥበቃ ደውለው፣ ባለ ኮፍያው ዘጠኝ ሰዓት እንደሚነሳ ተናግረዋል፤ ከማቆሚያው ሳይወጣ እንዲይዙትም ለምነዋል።