ያልተመለሰው ስም

በዘርማት ምድር ፀሐይ ደም መስላ በወጣችበት ጠዋት፣ ስም በል የተባለው አውሬ ከገደሉ ወጥቶ የሀገሩን ስሞች ዋጠ። በዘርማት ስም መጠሪያ ብቻ አልነበረም፤ የተጠሪው ነፍስ ነበር። ውኃአይጠፌ የተባለችው መንደር ስሟን ባጣች ዕለት ምንጯ ነጠፈ። ደመኞች የሚታረቁበት ዕርቅ ሜዳ ስሙ ሲዋጥ ወንድማማቾች ተራረዱበት። ንጉሡ የላኳቸው ጀግኖች አንዳቸውም አልተመለሱም።

በመጨረሻ አንጓች አይሸሽም ተነሣች። አባቷ አይሸሽም በጠባቡ በር ብቻውን ቆሞ የጠላት ጦር ሲመልስ የወደቀ ነው፤ ከስሙ በቀር ያወረሳት አልነበረም። የአባቷ የጦር ጓድ ሽማግሌው ጓንጉል አብረዋት ወደ ገደሉ ወረዱ። በየመንገዱ ያገኙት ሬሳ ነበር፤ ጓንጉል ተስፋ ቢቆርጡም ለእሷ አልነገሯትም።

አውሬውን ከዋሻው ደጅ ተጋድሞ አገኙት። የጓንጉል ጦር ቆዳው ላይ እንደ ሸምበቆ ተሰበረ፤ እሳቸውንም በጅራቱ መትቶ ጣላቸው። አንጓች ግን ንቅንቅ አላለችም። አውሬው ቆሞ የጠበቀው ሰው አይቶ አያውቅምና ተገርሞ አፉን ከፈተ።

አንጓች ያን ጊዜ ያሰበችው ለጓንጉል ገባቸው። «አይሸሽም» የሚለው የአባቷ ስም ከቆመበት አይነቃነቅም፤ ከአውሬው ጉሮሮ ከቆመ አይወርድም፣ አይወጣም።

«ልጄ፣ በፈቃድ የሰጡት ስም አይመለስም» አሏት። «ያንን ከሰጠሽው ምን ይቀርሻል?»

«ለእኔ ምንም አይቀረኝም፣ አባ። አባቴስ በሩን የዘጋው ለእኔ ብቻ ነበር?»

ወደተከፈተው አፍ ቀርባ የአባቷን ስም ጠራች። አውሬው ታነቀ፤ ገደሉን እያናወጠ ተንፈራግጦ ሞተ። የተዋጡት ስሞች ከአፉ እንደ ንብ መንጋ ተመሙ፤ በየሸለቆውም ውኃ ጮኸ። ጓንጉል ቀና ሲሉ አንጓች ከቋጥኝ ሥር ተሸጉጣ፣ የውኃውን ድምፅ ፈርታ ትንቀጠቀጣለች።

ንጉሡ በአደባባይ የአንበሳ ለምድ ሊያለብሷት ጠሯት። አዋጅ ነጋሪው «አንጓች...» ብሎ የአባቷን ስም ፈለገ፤ አጣው። ነጋሪት ሲጎሰም ልጅቱ ለምዱን ጥላ ሮጠች። የሰፈር ልጆች «ፈሪዋ» እያሉ ሳቁባት።

ጓንጉል ሊቆጧቸው ተነሡ። የማን ልጅ እንደሆነች ሊነግሯቸው አፋቸውን ከፈቱ፤ የጓዳቸው ስም ጠፋባቸው።