ነጥብ ከተሰጠ በኋላ

«ከሁሉ የቱን እናስቀድም?» አባቱ ነበር፣ ከግድግዳው ወዲያ። እናቱ «ጣሪያውን» አለች፤ ወይስ «በሩን»? በልጅነቱ የሰማው ነው፤ ግማሹ ጠፍቶበታል።

ዛሬ ያንኑ ጥያቄ እሱ ይጠይቃል።

የፋብሪካው ሰሌዳ አጠገብ ቆሟል። ፋብሪካው የሚያውቀው የሥራ ማሻሻያ አማካሪ ብሎ ነው። «ወንፊት» የምስጢር ስሙ ነው፤ የሚያውቁት ለስለላ የላኩት ብቻ ናቸው። ፋብሪካው ከፊት የውሃ ፓምፕ ይሠራል፤ ከኋላ የሚሳኤል ቫልቭ። በሁለቱ አዳራሾች መካከል ኬላ አለ። ኬላው ካልተነሳ እሱ የተላከበት ቫልቭ አይወጣም።

ሰሌዳው ላይ ሦስት ማሻሻያዎች፦ መብራቱን መቀየር፣ ማሽኖቹን ማደስ፣ ፍተሻውን ከኬላው ወደ ውጭው በር ማዛወር። እያንዳንዱ በጊዜ፣ በወጪና በደህንነት ነጥብ ተሰጠው። ነጥቡ በየመመዘኛው ክብደት ተባዝቶ ተደመረ።

መብራቱ አንደኛ።

ኬላው ሁለተኛ።

«ነጥብ ከተሰጠ በኋላ ክብደት አይነካም» ብሎ ሠራተኞቹን ያስተማራቸው ራሱ ነው። በእረፍት ሰዓት የፈረቃ አለቃዋን ጠጋ አላት።

«እትዬ፣ የጊዜ ክብደት አላነሰም? ሠራተኛው ኬላ ላይ ተገትሮ ይውላል። እኔ ብናገር ደግሞ አያምርም።»

«አፍህ ዛሬ ተለጎመ?» ሳቀች። «ግድ የለህም ልጄ፣ እኔ እጄን አወጣለሁ።»

አወጣች። ክብደቱ ተቀየረ። ኬላው አንደኛ ሆነና ተነሳ።

አስቀድሞ የተገዛው የመጋዘን ሠራተኛ ደረጃው ላይ ሲተላለፉ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር እጁ ላይ ጣለለት። ቀዝቃዛ፤ ቫልቩ ነው። ፍተሻው የተዛወረበት የውጭው በር ላይ ሠራተኛ እንጂ እንደሱ ያለ እንግዳ አይፈተሽም።

ለላከው አለቃ ደወለ። የምስጢር ስሙ «አጎቴ» ነው።

«ዕቃው ወጥቷል።»

«ጎበዝ። ሴትዮዋን ጠቁመናታል።»

«የቷን?»

«እጇን ያወጣችውን። መጉደሉን ሲያውቁ ሰው መፈለጋቸው አይቀርም። ሰጠናቸው። አንተ ትተርፋለህ።»

አልተቆጣም። የሚቆጣበት ቦታ ደንዝዟል። በሆዱ «አቤቱ» አለ፤ ቀጣዩ ቃል አልመጣለትም።

ጠዋት የጥበቃ ኃላፊው ጠራው። እትዬ ሽርጧን እንዳደረገች ማዶ ተቀምጣለች።

«ክብደቱ ይቀየር ያለው ማነው?» አለ ኃላፊው።

«ንገራቸው እንጂ ልጄ። የተነጋገርነውን ንገራቸው።»

አንድ ቃል ነው፤ «እኔ»። እሷ ትወጣለች፤ እሱ እስር ቤት ይገባል።

«እሳቸው ናቸው» አለ።

እትዬ ሽርጧን ፈታች። አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ፍርድ ቤት ቀርበህ ይህንኑ ትላለህ?»

ከመሰከረ ወዲያ አማካሪ የሚባል ሰው አይኖርም። ሌላ ስም፣ ሌላ ከተማ ተዘጋጅቶለታል።

«እሺ» አለ። «እመሰክራለሁ።»