የቀዝቃዛው ክፍል አየር

የንግድ ተመራማሪው ቃሉን ሲሰጥ እንዲህ አለ፦ «በሩን ስከፍት እትዬ ወለሉ ላይ ወድቀዋል። ደም ግፊታቸው የተነሳ መሰለኝ። ሮጬ ገባሁና በብብታቸው ይዤ ላነሳቸው ሞከርኩ። ከበዱኝ፤ ራሴንም አዞረኝና ወጣሁ።»

የትምህርት ተመራማሪዋ ደግሞ እንዲህ አለች፦ «እሱ እግሩን እንኳ አላስገባም። ደረጃውን ወጥቼ ስደርስ ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር። በርጩማውን ከግድግዳው ሥር ጎትቶ በሩ እንዳይዘጋ ደገፈበት፤ የኮሪደሩንም መስኮት በረገደው። እኔ ልገባ ስል እጅጌዬን ይዞ አስቀረኝ። ይኸው፣ ተቀዷል።»

መርማሪው የተቀደደውን እጅጌ አገላብጦ አየ። ባልደረቦቹ «ቀስ በሉ» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውለታል፤ ሰው እየተጣደፈ ሲያወራው የሚመልሳት ቃል ናት። ከሁለቱ አንዱ እንደሚዋሽ ግልጽ ነበር። ግልጽ ያልሆነለት፣ አንድ ሰው ስለዚህ ነገር ለምን ይዋሻል የሚለው ነው።

ሁሉም «እትዬ» የሚሏቸው የደም ተመራማሪ የሞቱት በምርምር ማዕከሉ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ፣ ሰው ከምሳ ሲመለስ ነው። ክፍሉ ጠባብና መስኮት አልባ ነው፤ የደም ብልቃጦች በናይትሮጅን ቀዝቅዘው ይቀመጡበታል። ናይትሮጅን መርዝ አይደለም። ነገር ግን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሲሊንደሩ ከተለቀቀ የሚተነፈሰውን አየር ገፍቶ ያስወጣና ቦታውን ይይዛል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ አያስል፣ አያስነጥስ፤ የገባ ሰው ጥቂት ተንፍሶ ዘጭ ይላል። ለዚህ ሲባል ግድግዳው ላይ አየር ሲያንስ የሚጮህ ማንቂያ ተሰክቷል። ለዚህ ሲባልም እዚያ ለመሥራት የሚገባ ሰው ሁሉ በሩን በበርጩማ ደግፎ ክፍት ያደርገዋል። በዚያ ቀን ግን የሲሊንደሩ መዝጊያ ላልቶ፣ ማንቂያው ከሶኬቱ ተነቅሎ ተገኘ።

የማዕከሉ ኃላፊ አደጋ ነው ብላ ድርቅ አለች። ጽዳት ሲደረግ ገመዱ ተነቅሎ ይሆናል፣ መዝጊያውም አርጅቷል፣ እትዬም ዕድሜያቸው ገፍቶ ነበር። ይህን ሁሉ ስትናገር ዓይኗ ከኮሪደሩ ግድግዳ አይነቀልም ነበር። እዚያ በወርቃማ ፍሬም ውስጥ «የዓመቱ ምርጥ ጥናት» ተሰቅሏል፦ ለሕፃናት የደም ማነስ ስለተሠራ ሽሮፕ የሚናገር ጥናት። ከሥሩ አራት ስሞች አሉ፤ የሐኪሙ፣ የንግድ ተመራማሪው፣ የትምህርት ተመራማሪዋና የራሷ የኃላፊዋ። ይህን ጥናት አምነው የጤና ጣቢያዎች ሽሮፑን ማደል ጀምረዋል። እናቶች ሌላውን መድኃኒት ትተው ጠዋትና ማታ በማንኪያ ለልጆቻቸው እየሰጡ ነው። እትዬ በሞቱበት ቀን ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ጠርተው ነበር፤ ሽሮፑ ይቁም ሊሉ።

መርማሪው የትምህርት ተመራማሪዋን ወደ ፍሬሙ አስጠጋት።

«በሕፃናት ደም ላይ የትምህርት ባለሙያ ምን ሠራች?»

«ስሜን ሰጠሁ።»

«ስምዎን ብቻ?»

«እነሱም በእኔ ጥናት ላይ ስማቸውን ሰጥተዋል።» ድምፅዋ እየወረደ ሄደ። «እዚህ የምንሠራው እንደዚህ ነው። ማዕረግ የሚመጣው በጥናት ብዛት ስለሆነ እንዋዋሳለን። ሕክምናው ለንግዱ፣ ንግዱ ለትምህርቱ። ‹ሁሉም ሙያ በአንድ ጣሪያ› የምንለው እሱን ነው።»

«ደሙን አይተውት ያውቃሉ?»

አላየችም። ጥናቱንም እስከ መጨረሻው አላነበበችውም። ይህን ስትነግረው የተቀደደ እጅጌዋን በሌላው እጇ ትሸፍን ነበር። ቀጥላም አንድ ነገር ትዝ አላት። በዚያ ቀን ጠዋት እትዬ ብልቃጥ ይዘው ከላብራቶሪው ሲወጡ ፊታቸው የበሰበሰ ነገር እንዳሸተተ ሰው ተኮማትሮ ነበር። «የእናንተ ሕፃናት ሳር ነው የሚግጡት» ብለዋት አለፉ። እሷ ስለ ረሃብ የሚያወሩ መስሏት «ያሳዝናሉ» አለች።

መርማሪው ከቀዝቃዛው ክፍል ብልቃጦቹን አስወጣ። በእያንዳንዱ ላይ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ የሕፃን ስም፣ ዕድሜና የእናት ስም ተለጥፏል። አንዷ ገና ጡት ያልጣለች ነበረች። ጥቂቶቹን መርጦ ለፖሊስ ላብራቶሪ ላከና አስከሬኑን ከክፍሉ ጎትቶ ወዳወጣው ሐኪም ሄደ።

ሐኪሙ ቢሮው ውስጥ ሬሳ እንዳልጎተተ ሰው ተደላድሎ ተቀምጧል። መጀመሪያ የጠየቀው፣ የማዕረግ መስጫው ሥነ ሥርዓት በዚህ ምክንያት ይተላለፍ እንደሆነ ነው። መርማሪው ሳይመልስለት፣ እትዬን ሊያወጣ እንዴት እንደገባ ጠየቀው።

«ትንፋሼን ውጬ ነዋ። እዚያ ክፍል ሰው ወድቆ ካዩ ዘለው አይገቡም። በሩን ይከፍታሉ፣ አየር ያስገባሉ፣ ይጠብቃሉ። አለዚያ ሬሳው ሁለት ይሆናል። እኔ ስደርስ በሩም መስኮቱም ተከፍቶ ስለነበር ደፈርኩ።»

«ይህን ሁሉም ያውቃል?»

«የሠለጠነ ያውቃል።»

«የንግድ ተመራማሪውስ?»

ሐኪሙ ሳቀ። «እሱ? ብልቃጥና ብርጭቆ አይለይም። ፈሪ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል።»

መርማሪው ስለ ደሙ ጠየቀ። እትዬ ጠዋት መጥተው ደሙ ችግር አለበት እንዳሉት ሐኪሙ አልደበቀም። ደሙን በየጤና ጣቢያው ያስቀዳውና ያመጣው የንግድ ተመራማሪው ስለሆነ እሱን ይጠይቁ ብሎ መለሳቸው።

«እርስዎ ሐኪም ሆነው ደሙን አላዩትም?»

«እኔ የማየው ውጤት ነው። ውጤቱ ጥሩ ነበር።»

«ለእሱስ ነገሩት?»

«ደወልኩለት። እትዬ ሊያፋጥጡህ ነውና ተዘጋጅ አልኩት። የሥራ ባልደረባ አይደል?»

መርማሪው ከዚያ ቢሮ ሲወጣ በቀጥታ ወደ መታጠቢያው ሄዶ፣ ምንም ያልነካ እጁን በሳሙና ታጠበ።

የንግድ ተመራማሪው ተነስቶ፣ ወንበር ስቦ፣ በሁለት እጁ ጨብጦ ተቀበለው። ጥፍሩ የተሞረደ፣ ንግግሩ ለስላሳ ሰው ነው። እትዬን እንደ ታላቅ እህቱ ይወዳቸው እንደነበር ተናገረ። ቀዝቃዛው ክፍል ግን የእሱ ዓለም አልነበረም፤ ሥልጠናውንም አልወሰደም። ናይትሮጅን ለእሱ ከትምህርት ቤት የቀረ ወሬ ነው።

«በሩን ሲከፍቱ ማንቂያው ይጮህ ነበር?»

«ጭጭ ብሎ ነበር።»

«ጭስ ወይም ሽታስ?»

«ምንም። ክፍሉ እንደወትሮው ነበር።»

«የሴትየዋ እጅጌ ግን ተቀዷል» አለ መርማሪው። «አልገባም ትላለች።»

ሰውየው ወንበሩን ወደ መርማሪው አስጠጋ። «እውነቱን ልንገርዎት፣ ኢንስፔክተር። አልገባሁም። ፈራሁ። ወንድ ልጅ ፈራሁ ሲል ያሳፍራል፤ ለዚህ ነው የዋሸሁት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ገባኝ» አለ መርማሪው፣ በትሕትና። በር ላይ ሲደርስ ስልኩ ጠራ። የፖሊስ ላብራቶሪው ነበር። የተነገረውን ሰምቶ ስልኩን ከዘጋ በኋላ ኮሪደሩ ላይ ጥቂት ቆመ።

አራቱንም በስብሰባ ክፍሉ ሰበሰባቸው፤ ሁለት ፖሊሶች በሩ አጠገብ ቆሙ። ኃላፊዋ ቶሎ እንዲጨርስ ለመነችው።

«ቀስ በሉ» አለ። «ከበርጩማው እንጀምር። እትዬ እሱን ሳይደግፉ ወደዚያ ክፍል ገብተው ያውቃሉ?»

ሐኪሙና ኃላፊዋ ተያዩ። አያውቁም።

«እንግዲያው አደጋ ቢሆን ኖሮ በርጩማው በሩ ሥር ይገኝ ነበር። ግን ከግድግዳው ሥር ነው የተጎተተው፤ የንግድ ተመራማሪው ራሱ ሲጎትተው ታይቷል። እትዬ በሩን ደግፈው ገቡ፤ አየሩ ቀድሞ ተበላሽቶ ነበርና ወደቁ። ከዚያ አንድ ሰው በርጩማውን አንስቶ በሩ በላያቸው እንዲዘጋ አደረገ። ያረጀ መዝጊያ በርጩማ አያነሳም።»

መርማሪው ከብልቃጦቹ አንዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ለምን ለሚለው መልሱ ብልቃጡ ውስጥ ነው። የሕፃናት ደም ብላችሁ ያስቀመጣችሁት የሰው ደም አይደለም። የበሬ ነው። እትዬም አውቀውት ነበር፤ ሳር የሚግጡ ሕፃናት ያሉት ለዚህ ነው።»

የትምህርት ተመራማሪዋ አፏን በመዳፏ ያዘች። ሐኪሙ ግን ወደ ፍሬሙ አቅጣጫ ዞሮ «ውጤቱ ግን...» ብሎ ጀመረና ተወው።

«አሁን ወደ ደጃፉ እንመለስ» አለ መርማሪው። «ሐኪሙ የዚያን ክፍል ጠባይ ያውቃል፤ ስለዚህ ትንፋሹን ውጦ ገባ። የትምህርት ተመራማሪዋ አታውቅም፤ ስለዚህ የወደቀ ሰው ስታይ ዘላ ልትገባ ነበር። ያወቀም ያላወቀም እንደሚያውቀው ሆነ። አንድ ሰው ብቻ ቀረ። አላውቅም ይላል፤ ግን በሩን ደገፈ፣ መስኮቱን ከፈተ፣ ልትገባ ያለችውን አስቀረ፣ ጠበቀ። ሥልጠናው ላይ የሚባለውን አንድ በአንድ።»

«ፈርቼ ነው ብዬዎታለሁ» አለ የንግድ ተመራማሪው።

«ምንን?»

መርማሪው መልሱን ሳይጠብቅ ቀጠለ።

«ደም ግፊት የጣላት ሴት ታስፈራለች? ማንቂያው ጭጭ ብሏል። ጭስ የለም፣ ሽታ የለም፣ ክፍሉ እንደወትሮው ነው፤ ያልከው አንተ ነህ። በዚያ ክፍል ውስጥ የሚያስፈራ ነገር ቢኖር አየሩ ነው። አየሩ መበላሸቱን የሚያውቅ ደግሞ ያበላሸው ሰው ብቻ ነው። ተመልሰህ የመጣኸው ብልቃጦቹን ልትወስድ ነበር፤ ክፍሉ እስኪናፈስ ስትጠብቅ እሷ ደረሰችብህ።»

«እርስዎ» ወደ «አንተ» መለወጡን ሁሉም ሰሙ። ሰውየው የተሞረዱ ጥፍሮቹን ተመለከተ። ሲናገር ድምፁ አሁንም ለስላሳ ነበር።

«ማን ነው በየጤና ጣቢያው ዞሮ የሚያለቅስ ሕፃን ክንድ የሚወጋው? እናንተ? ውጤት አምጣ አላችሁኝ፤ ቀኑ ደርሷል አላችሁኝ። ቄራው ቅርብ ነው። አመጣሁ። አንዳችሁስ ከየት ነው ብላችሁ ጠየቃችሁኝ?»

«እጅጌዋን የያዝክባት ቅጽበት ሰው ሆነህ ነበር» አለው መርማሪው። «ብትተዋት ኖሮ አብራቸው ትሞት ነበር፣ አንተም አትታወቅም ነበር። ያጋለጠችህ ያቺ ቅጽበት ናት።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። የመርማሪው ሥራ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ግን ኃላፊዋ ጉሮሮዋን ጠረገች።

ግድያው ግድያ ነው፣ አለች፤ ሕግ ይየው። ጥናቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በሚቀጥለው ዕትም ትንሽ ማስተካከያ ይወጣል፤ ሽሮፑም ቢሆን ስኳርና ውሃ ስለሆነ ማንንም አይገድልም። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። የተከበረ ማዕከል በአንድ ሰው ጥፋት ሊፈርስ አይገባም አለ።

መርማሪው ሁለቱን አያቸው። ነፍሰ ገዳዩን ሲይዝ እንኳ እንዲህ አልጠየፈም ነበር።

«ስኳርና ውሃ የሚጠጣ ደም ማነስ ያለበት ሕፃን ምን ይሆናል፣ ሐኪም?»

ሐኪሙ ወረቀቶቹን ማስተካከል ያዘ።

«እኔ የያዝኩት የአንዲት ሴት ሞት ነው» አለ መርማሪው። «የላብራቶሪውን ውጤት ለአለቆቼ አቀርባለሁ፤ እነሱም ለሌሎች ያቀርባሉ፤ ጊዜ ይፈጃል። ዛሬ ማታ ማንኪያውን ማስቆም የሚችል፣ ስሙ እዚያ ፍሬም ውስጥ ያለ ሰው ነው።»

የትምህርት ተመራማሪዋ ከወንበሯ ተነሳች። ኃላፊዋ ክንዷን ያዘቻት፤ የእናት በሚመስል ድምፅ «ልጄ፣ አስቢበት» አለቻት። «ያንቺ ማዕረግ የቆመው በዚህ ጥናት ላይ ነው። እሱ ከወደቀ ወንበርሽም፣ ደመወዝሽም የለም። ሌሎቹ ጥናቶችሽም እየተመዘዙ ይታያሉ።»

«ይታዩ» አለች። ክንዷን ከኃላፊዋ እጅ ቀስ ብላ አላቀቀች። «አሁን ጤና ቢሮ እሄዳለሁ። ስሜ ያለበት ጥናት የበሬ ደም ነው፣ እኔም ሳላየው ነው የፈረምኩት፣ ሽሮፑን ዛሬውኑ አስቁሙ እላቸዋለሁ። ማዕረጉንም አብረው ይውሰዱት።»