የአያ ዓሪፍ ጫማ

«ጫማሽን አውልቂ ልጄ፤ የተኙ አሉ» አሉ እትዬ ሁሪያ፣ እንባቸውን በሻሻቸው ጫፍ እየጠረጉ።

ኢንስፔክተር የሻረግ ግራ ገባት። ፊት ለፊቷ ያለው ከወልድያ ዩኒቨርሲቲ አጥር ጀርባ፣ ተማሪ ኳስ የሚራገጥበት ሜዳ ነው።

«የድሮ መቃብር እኮ ነው። ድንጋዩ ተለቅሞ አለቀ እንጂ አባቶቻችን እዚሁ ናቸው። የሰፈሩ ሰው በጫማ አይረግጠውም።»

አወለቀች። ትናንት አመሻሹ ላይ የጣለው ዝናብ ሜዳውን አጨቅይቶታል። የእትዬ ሁሪያ ባል አያ ዓሪፍ መሃሉ ላይ ሞተው በቀኝ ጎናቸው ተጋድመዋል፤ ፊታቸው ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ፣ ዞሯል። ማጅራታቸው ላይ የደረቀ ደም አለ፤ ደሙ ላይ ሲሚንቶ። ጫማቸውን እንዳደረጉ ናቸው፤ ሶሉን ግን ጭቃ አልነካውም። ወደ እሳቸው የሚመጣው የባዶ እግር ዱካ ጠልቋል፤ የሚመለሰው ቀሏል።

«እሱ እዚህ በጫማ? ወላሂ አያደርገውም!» አሉ እትዬ ሁሪያ።

ተጠርጥሮ የታሰረው ተከራያቸው ሳሙኤል ነው፤ ማታ አብሯቸው ሲሄድ ታይቷላ! ምስኪን፣ ከማልቀስ ብዛት ዓይኑ አብጧል።

«ሰፈሩን ያሳዩኝ ነበር» አላት። «ይኼ ፎቶ ኮፒ ቤት የነማን አውድማ እንደነበር፣ ወንዙ ድሮ በየት ይወርድ እንደነበር… ትናንት ግን ሙባረክ ጋ ጉዳይ አለኝ ብለው መንገድ ላይ ተለዩኝ።»

«ከአጥሩ ጀርባ ያለውስ ቦታ?»

«ኳስ ሜዳው? እሱ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?»

ሙባረክ የአያ ዓሪፍ የወንድም ልጅ ነው፤ እናቱ ከሞተች ወዲህ እትዬ ሁሪያ ናቸው ያሳደጉት። ሜዳው ዳር ለተማሪ የሚከራይ ቤት ሊሠራ መሠረት አስቆፍሯል።

«ማታ መርሳ ከተማ ነበርኩ። ያን ልጅ ጠይቁት» አለ፣ ዓይኗን ሳያይ።

ከቀብር መልስ ሳሙኤልን ከእስር አስመጥታ ሦስቱንም ሜዳው ዳር ሰበሰበቻቸውና «ኑ፣ መሃል ድረስ እንሂድ» አለች። ሳሙኤል በጫማው ዘው አለ። እትዬ ሁሪያ አወለቁ። ሙባረክም ሳያስበው ጎንበስ ብሎ ጫማውን ፈታ።

«አያ ዓሪፍ በእግራቸው አልመጡም፤ ጫማቸው ንጹሕ ነው» አለች የሻረግ። «የተሸከማቸው ሰው ጫማውን አውልቋል። ሳሙኤል መቃብር መሆኑን እስካሁን አያውቅም። እትዬ ሁሪያ ሰው የመሸከም አቅም የላቸውም። ሲሚንቶ ደግሞ እዚህ ሜዳ ላይ የለም፤ ያለው አንተ ባስቆፈርከው መሠረት ነው፣ ሙባረክ።»

ሙባረክ ጭቃው ላይ ተንበረከከ።

«መቃብር ነካህ ብለው ተቆጡኝ። ገፋ አደረግኋቸው፤ የመሠረቱ ድንጋይ ላይ ወደቁ። በሜዳው አቋርጬ አስፋልቱ ጋ ባጃጅ ላገኝላቸው ነበር… መሃል ላይ ትንፋሻቸው ቆመ። ወደ ቂብላ አዙሬ አስተኛኋቸውና ሸሸሁ።»

እትዬ ሁሪያ በእጃቸው ሳሙኤልን አሳዩት።

«ለሞቱት ጫማህን አወለቅህ። ለዚህ ለሰው ልጅ ግን አፍህን አልከፈትህም።»

ኧረ ምን ዓይነት ቀን ነው! ጠዋት ባላቸውን ቀበሩ፣ ከሰዓት ልጃቸውን ፖሊስ ወሰደባቸው። እጁ በካቴና ስለታሰረ፣ ሜዳው ዳር ሲደርስ ጎንበስ ብለው፣ እንደ ልጅነቱ፣ ጫማውን ያሰሩለት እሳቸው ናቸው።