እስከ ሐሙስ

ኑ እስቲ፣ ቀረብ ቀረብ በሉ። ቦታ አለ፤ ድመቷን ገፋ አድርጓት። የምነግራችሁ የፌናን ነገር ነው፤ እዚሁ ሰሜን ጀርመን፣ ከኤምስ ወንዝ የጎርፍ መከላከያ ግድብ ሥር የምትኖረው፣ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመት የሞላት ልጅ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ጀልባ ሠሪው አለቃ ኦኖ ሳይጠሩ መጥተው ቁጭ አሉ። የፌና እናት ታልከ ሻይ ቀዳች። በእኛ ዘንድ ቁም ነገር የሚነሳው በሁለተኛው ሲኒ ነው፤ መልስ ደግሞ ከሦስተኛው በፊት አይጠበቅም። አለቃ ኦኖ ግን የመጀመሪያውን እንደጨረሱ፣

«ፌና፣ ከነሐሴ ጀምሮ እኔ ጋ ሙያ ብትማሪ ምን ይመስልሻል? የዘንድሮ ቦታ አንድ ናት። ለአንቺ ልሰጣት አስቤያለሁ» አሉ።

ፌና ደርቃ ቀረች። እሳቸው ጋ አላመለከተችም። ያመለከተችው ከተማ፣ እናቷ የምትሠራበት የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ለመሠልጠን ነበር፤ መልሱ እስከ ሐሙስ ይደርሳል ተብሏል። አለቃ ኦኖ ጋ በመከር ወቅት ትምህርት ቤት ለሁለት ሳምንት ልምምድ ልኳት ነበር። ያኔ አንድ ጥሩ የኦክ እንጨት ሳንቃ ለሁለት ሰነጠቀች። እሳቸውም በሁለቱ ሳምንት «መጥረጊያው እዚያ ነው» ከማለት ሌላ ብዙም አልተናገሯት።

 እጇ በገዛ ራሱ ሄዶ ማንኪያዋን ባዶ ሲኒዋ ውስጥ አኖረ።

እናቷ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቀረች። ማንኪያ ሲኒ ውስጥ ከገባ «በቃኝ» ማለት ነው። በመጀመሪያው ሲኒ ላይ ከሆነማ፣ እንግዳን ተነስ ውጣ ከማለት አይሻልም። አለቃ ኦኖ የእሷን ሲኒ አዩ፣ የራሳቸውን አዩ፣ ኮፍያቸውን አንስተው «እሺ፤ ደህና ዋሉ» ብለው ወጡ።

«ሰባ ስምንት ዓመት ስኖር» አሉ አያቷ ሃርም ከጥግ ወንበራቸው ሆነው፣ «እንዲህ ያለ እምቢታ አይቼ አላውቅም።»

«እምቢ አላልኩም እኮ፣ አያቴ።»

«እሺ ልትዪ ነበር?»

«እሱንም አላውቅም።»

«ሮጠሽ እሺ በያቸው» አለች እናቷ። «ክሊኒኩ ከጠራሽ ያኔ ይቅርታ ትያለሽ። ቦታ እጅ ላይ ቢኖር ምን ይጎዳል?»

«ቃል ሰጥቶ ማጠፍ? ለዚያ ሰውዬ?» አሉ አያቷ። «ተያት፣ ትቆይ። አንድ ሳምንትም ሁለትም። የፈለገ ይጠብቃል።»

ፌና ሁለቱንም ትታ ብስክሌቷን አነሳች። ሣር በለበሰው ግድብ ላይ፣ በሚግጡት በጎች መሃል፣ የጎረቤቷ ልጅ ሃውከ ብስክሌቱን አቁሞ ጠበቃት።

«አንቺ፣ አለቃ ኦኖን በአንድ ሲኒ ሸኘሻቸው አሉ።»

ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሞላም። «ማን ነገረህ?»

«ዳቦ ቤት ነዋ። ኬክ ገዝተው ቆመው ሲበሉ ተጠየቁና ነገሩ።» ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። «ለዚያ ቦታ እኔም ማመልከቴን ታውቂያለሽ?»

አታውቅም ነበር። ፊቷ ጋለ።

«ከየካቲት ጀምሮ እየጠበቅኩ ነው። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ከእኔ ቀድማ የምትዘለው እናቴ ናት። ከፈለግሽው ውሰጂው፣ አልቀየምሽም። ግን አታንጠልጥዪኝ፣ እሺ?»

ፌና ጀልባ መሥሪያው ስትደርስ አለቃ ኦኖ ሳንቃ እየላጉ ነበር። ቀና አላሉም።

«አለቃ፣ ማንኪያውን ያስገባሁት ደንግጬ ነው። እምቢ ማለቴ አልነበረም።»

«እሺ ማለትሽ ነው?»

«ዛሬ አልልም። የሌላ ቦታ መልስ እየጠበቅኩ ነው። ስላሰቡልኝ ግን አመሰግናለሁ። እስከ ሐሙስ ይስጡኝ። እሺም ይሁን እምቢ፣ እኔው መጥቼ እነግርዎታለሁ። ሃውከም እየጠበቀ ነው።»

መላጊያው ቆመ። «ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት በሩን እዘጋለሁ» አሉ።

«ግን… ያን ሳንቃ እኮ ሰንጥቄብዎታለሁ።»

«ሰንጥቀሽዋል። ከዚያ ሁለቱንም ቁራጭ ተሸክመሽ መጥተሽ አሳየሽኝ። ሌሎቹ የሰነጠቁትን ምድጃ ውስጥ ነው የሚከቱት።»

ረቡዕ ጠዋት የክሊኒኩ ደብዳቤ መጣ። ተቀብለዋታል። እናቷ አቅፋ ሳመቻት። ፌና ደስታው እስኪመጣ ጠበቀች፤ አልመጣም። የመጣባት የአለቃ ኦኖ እንጨት ሽታ ነው። ከሰኞው ይልቅ ያን ጊዜ ደነገጠች።

«አትቸኩዪ» አለች እናቷ ፊቷን አይታ። «ለመልስ ሁለት ሳምንት ሰጥተውሻል።»

«ለእኔ ነው የሰጡት፣ እማ።»

«እና ለማን ይስጡ?»

 ፌና የሃውከን እናት እያሰበች ነበር። ከተማ ውስጥም ያንን የክሊኒክ ቦታ የምትጠብቅ አንዲት ልጅ ትኖራለች፤ ስልኳ ሲጮህ ቤቱ ሁሉ የሚዘል። ቁጭ ብላ ጻፈች፦ አመሰግናለሁ፣ ሌላ ሙያ መርጫለሁ፣ እባካችሁ ቦታዬን ለተከታዩ ሰው ዛሬውኑ ስጡልኝ። ሁለት ጊዜ አንብባ ላከችው። እናቷ ከኋላዋ ቆማ አነበበች፤ ትከሻዋን ነካ አደረገቻት።

ከዚያ እሺ ልትላቸው ወደ አለቃ ኦኖ ሄደች። በአቋራጩ ግን አልነበረም። በሃውከ ቤት በኩል ዞረች፤ ከሌላ ሰው ከሚሰማው እሷው ልትነግረው። በሩን ከማንኳኳቷ በፊት ትንሽ ቆማ ነበር።

የክሊኒኩ ቦታ የደረሳትን የዚያችን የከተማ ልጅ ስም አናውቅም። አደራችሁን፣ ልጆቼ፣ እሷንም አትርሱብኝ።