የቨርን የመጨረሻ ጥንስስ

ቨርን ሃልቮርሰን ሞቶ የተገኘው በገዛ ምድር ቤቱ ውስጥ፣ አዲስ ከተጠነሰሰ የእንጆሪ ወይን ባልዲ አጠገብ በጀርባው ተንጋሎ ነው። የኖርበን ከተማ ሰው ወሬውን ሲሰማ መጀመሪያ ያዘነው ለቨርን ነበር፤ ቀጥሎ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለውና፣ ለገና ቃል ለተገባለት ወይን። ካናዳ ከውቅያኖስ እስከ ውቅያኖስ ብትበጠር፣ ጭማቂው፣ እርሾውና ዱቄቱ ተሰናድቶ ከሚመጣበት ካርቶን እንዲያ ያለ ወይን የሚያወጣ ሰው አይገኝም። የቨርንን የኮክ ወይን የቀመሰ ባል ሳምንቱን ሙሉ ሚስቱን «ኮኬ» እያለ ሲጠራ ይከርም ነበር።

ብርዱ በዚያ ቀን የተተፋ ምራቅ መሬት ሳይደርስ ጠጠር የሚያደርግ ነው። ሳጅን ኦሌና ቦይቹክ ከመኪናዋ ወርዳ ደጃፉ እስክትደርስ የግራ ሽፋሽፍቷ ተጣብቆ በአንድ ዓይኗ ነው የገባችው፤ ለእሷ ግን አንድ ዓይን ለመላው አውራጃ ይበቃል። ሌባን ከአስነጣጠሱ፣ ውሸታምን ከአረማመዱ የምትለይ ሴት ናት። በሩ ላይ ቦት ጫማዋን አወለቀች። በሳስካችዋን ክፍለ ሀገር ሬሳ ለማየትም ቢሆን በጫማ ሰው ቤት አይገባም።

ኮንስታብል ራይሊ ደረቱን ነፍቶ ተቀበላት። «ሳጅን፣ ነገሩ አልቋል። እርስዎ በዚህ ብርድ ባይለፉም ይሆን ነበር።»

ወጥ ቤቱ ውስጥ እጁ በካቴና ታስሮ የተቀመጠው ድዌይን ነው፣ የቨርን የእንጀራ ልጅ። ራይሊ እንዳስረዳው፣ ሁለቱ ትናንት ሆኪ ሜዳው ላይ በሰው ፊት ተጯጩኸዋል፤ ዛሬ ደግሞ ድዌይን ሬሳው ላይ ተንበርክኮ፣ እጅጌው ደም ነክቶት ተገኝቷል። የግድያ መርማሪዎች ከዋና ከተማው ከሬጃይና ተነስተዋል፤ ሳይመሽ ደርሰው ይዘውት ይሄዳሉ።

ድዌይን ቀና አላለም። «ሰኞ ፍርድ ቤት አለኝ» አለ። «የልጄ ጉዳይ ነው። ዛሬ ከወሰዱኝ ኬልሲን ዳግመኛ አይሰጡኝም። ሊመሰክርልኝ የነበረው ቨርን ነው። ትናንት የጮኸብኝም ከረባት የለኝም ስላልኩት ነው።»

«በከረባት ነው የተጣላችሁት?»

«በሹራብ ዳኛ ፊት ትቆማለህ ወይ ብሎ ነው። የራሱን ሊሰጠኝ ዛሬ ና አለኝ። መጥቼ ብጠራው ዝም አለ፤ የምድር ቤቱ በር ክፍት ነበር። በነጫማዬ ሮጬ ወረድኩ።»

ኦሌና ወደ ምድር ቤቱ ወረደች። ደምበጃኖቹ ግድግዳውን ይዘው እንደ ክብር ዘብ ተሰልፈዋል። ወለሉ ላይ ውሃ ፈሷል። የሲሚንቶው ማጠቢያ ጠርዝ ደም ነክቶታል፤ ሐኪሙ፣ ቨርን ረፋዱ ላይ ከዚያ ጋር ተጋጭቶ ወዲያው እንደሞተ ተናግሮ ሄዷል። ደረጃው ላይ የቀለጠ በረዶ ያለበት የአንድ ሰው ዱካ ብቻ ይታያል፤ የድዌይን። ከቨርን ሸሚዝ ደረት ላይ ሁለት ቁልፎች ተበጥሰዋል።

የባልዲው ክዳን ላይ የተሰካችው የአየር ማስተንፈሻ እስከ ልኳ ውሃ ተሞልታለች። ጠረጴዛው ላይ በጎድጓዳ ሳህን በሙቅ ውሃ የተበጠበጠ፣ ወይን የሚያጠራ የሸክላ ዱቄት ቅሪት አለ፤ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ሁለት ባዶ ከረጢቶች፣ ትልቅና ትንሽ፣ እስከ ጠብታቸው ተጨምቀው ተጥለዋል። ኦሌና ክዳኑን ከፈት ስታደርገው የእንጆሪው ሽታ ሊጥላት ደረሰ። ትንሿን ከረጢት አንስታ አገላብጣ አየቻትና በጓንቷ እንደያዘች ብዙ ቆየች።

«እየጠነሰሰ አዳልጦት ይሆን እንዴ?» አለ ራይሊ፣ ነገሩ ከእጁ እንዳያመልጥ እየፈራ።

«ውሃ የሸሚዝ ቁልፍ አይበጥስም» አለችው።

የቨርን ሚስት አርሊን ጎረቤት ቤት ነበረች። ከጠዋት ጀምሮ ከከተማዋ ሴቶች እኩሌታ ጋር በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ለባዛር የሚሸጥ ፒሮጊ፣ ድንች በሊጥ፣ ስትጠቀልል ቆይታ ነው መርዶው የደረሳት፤ ዱቄቱ ገና ከክርኗ አልለቀቀም። ኦሌና ስለ ወይኑ ስትጠይቃት ፊቷ ለአፍታ በራ።

«ትንሿን ከረጢት የማፈስሳት እኔ ነበርኩ» አለች። «ወይኑ ፈልቶ፣ እርሾው እስከወዲያኛው ከተኛ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ። የፍሬው ጣዕም ያለው በእሷ ውስጥ ነዋ። እስከዚያው ቁም ሳጥኔ ውስጥ ደብቂያት ይለኛል፣ እንደ ወርቅ። ዛሬ ግን ጠዋት ልብ አልነበረውም። ለአንድ ሰው መራራ ነገር መንገር አለብኝ፣ ከዚህ በላይ በሆዴ አልይዘውም አለኝ። ማን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።» ከዚያ የኦሌናን እጅ ያዘች። «ልጄ አይደለም፣ ሳጅን። እንዲያው ተናጋሪ ነው እንጂ ዝንብ አይገድልም።»

ከመንገዱ ማዶ የሚኖረው ክሌም ታጋርት ነው፤ የቨርን የዕድሜ ልክ ወዳጅና በወይን ነገር ባላንጣው። ባለፈው የመኸር ትርኢት የወይን ውድድር ቨርንን አሸንፎ የወሰደውን የአንደኝነት ሰማያዊ ሪባን በመስታወት አስገብቶ፣ ከጋብቻው ፎቶ በላይ ሰቅሎታል። ኦሌና ተቀምጣ ሳታበቃ የኮክ ወይን በትልቅ ብርጭቆ ቀዳላት።

«ቅመሺ፣ ልጄ። እንዲህ ያለውን ንግሥቲቱም አልጠጣችም።»

ቀመሰች። ወይኑ የፈረስ እርግጫ አለው፤ ኮክ የሚባል ነገር ግን በአጠገቡም አላለፈ። የትራክተር ሞተር ቢያጥቡበት ይጠራል። ኦሌና እንባዋን ዋጥ አድርጋ የኖርበን ሰው ሁሉ የሚለውን አለች፦ «ለየት ያለ ነው።» እዚያ አገር የሰው ወይን አይነቀፍም። ጨጓራህ ቢቃጠል፣ ዓይንህ ቢፈስ፣ ለየት ያለ ነው ብለህ ብርጭቆህን ትዘረጋለህ።

ክሌም ደስ አለው። ረፋዱን ከቤት እንዳልወጣ፣ የድዌይንን መኪና ግን በመስኮት እንዳየ፣ ልጁም ድሮም ቁጡ እንደነበር አወራላት። ሪባን ያገኘውን ወይን ማየት እንደምትፈልግ ስትነግረው ተጠጥቶ አልቋል አላት። አሠራሩን ከመመሪያው ላይ ይሆን የተማረው ብላ ብትጠይቀውማ ሳቀባት።

«መመሪያ? እሱን ምድጃ ነው የማቀጣጥልበት። እጅ ያወቀውን ወረቀት አያስተምረውም።»

በዚያ ከሰዓት ቨርንና ክሌም ያሉበት የወይን ጠንሳሾች ማኅበር በከተማው አዳራሽ የሚሰበሰብበት ቀን ነበር። ኦሌና ስብሰባው እንዳይቀር አደረገች። አባላቱ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ግድግዳ ተጠግተው ቆሙ፤ ራይሊ ድዌይንን ይዞ ገባ። ሰዓቱ እየገፋ፣ የሬጃይና መርማሪዎች እየቀረቡ ነው። ድዌይን መስኮቱን ያያል፤ መኪና ባለፈ ቁጥር ትከሻው ይሸማቀቃል።

ሦስት ጠረጴዛ ላይ ሦስት የታሸጉ የእንጆሪ ካርቶኖች፣ ሦስት ባልዲዎችና በየአጠገባቸው ሙቅ ውሃ ተቀምጠዋል። ኦሌና መመሪያዎቹን ቀድማ አውጥታለች።

«ቨርን ጠንስሶ ነው የሞተው ተብሏል» አለች። «እንግዲህ አርሊን፣ ክሌምና ድዌይን አንዳንድ ባልዲ ይጠንስሱለት። የምጠይቀው ይህን ብቻ ነው።»

ጉምጉምታ ተሰማ፤ እምቢ ያለ ግን የለም። ድዌይን ካቴናው ተፈትቶለት የሸክላ ዱቄቷን ፓኬት በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ቀረ። «ይሄ ምንድነው? ሻይ ነው?» አለ። አንድ ሰው ሊስቅ ብሎ አፉን ያዘ። አርሊን እያለቀሰች ዱቄቱን በጠበጠች፣ ትልቁን ከረጢት አፈሰሰች፣ ትንሿን ሳታስበው ካፖርቷ ኪስ ከተተቻት።

ክሌም ግን ባልዲ ላይ የተወለደ ይመስል ነበር። ዱቄቱን በሙቅ ውሃ መታ መታ አደረገ፣ ትልቁን ከረጢት ገለበጠ፣ ትንሿን በጥርሱ ቀደደና እስከ ጠብታዋ ጨመቃት፤ ውሃ ጨመረ፣ እርሾውን በተነ፣ ክዳኑን ገጠመ፣ ማስተንፈሻዋን እስከ ልኳ ሞላ። ከዚያ እጁን ጠራርጎ ዞረ። የሁሉም ዓይን ባዶዋ ትንሽ ከረጢት ላይ ነበር።

«ምን ሆናችሁ?» አለ።

አርሊን ናት ቀስ ብላ የመለሰችለት። «ክሌም፣ ትንሿ እኮ መጨረሻ ላይ ናት።»

ኦሌና በሩ ዘንድ ሄዳ ቆመች። «ቨርን አላዳለጠውም» አለች። «ሸሚዙ ደረቱ ላይ ተይዞ ተገፍቷል። የገፋው ሰው በእንግድነት፣ በሰላም የገባ ነው፤ ጫማውን በር ላይ አውልቆ በካልሲው ስለወረደ ዱካ የለውም። ከዚያ በሥራው ላይ ሳለ አዳለጠው እንዲባል ውሃ አፈሰሰና ባልዲ ጠነሰሰ። ያን ባልዲ ግን ቨርን አልጠነሰሰውም። ትንሿን ከረጢት ከእርሾው ጋር ካፈሰስካት እርሾው ጣፋጯን ሁሉ ይበላል፤ ጣዕሟ ይበናል፤ የሚተርፈው ስካር ብቻ ነው። ቨርን ይህን ከሚያደርግ እጁን ቢቆርጥ ይሻለው ነበር።»

«እንግዲያው የማያውቅ ሰው ነው ያደረገው» አለ ራይሊ። «ድዌይን አያውቅም።»

«እኔንም ያስፈራኝ እሱ ነበር። ግን ዱቄቱ በሙቅ ውሃ ተበጥብጧል፤ ማስተንፈሻዋም እስከ ልኳ ተሞልታለች። ያ የለመደ እጅ ነው። ድዌይንንማ አያችሁት፤ ዱቄቱን ሻይ ነው ብሏል። እኔ የምፈልገው የለመደ፣ አንዲቷን ነገር ግን ተሳስቶ የለመደ ሰው ነው። መመሪያ የማያነብ፣ ስህተቱንም ማንም ያልነገረው።»

ማንም ወደ ክሌም አላየም። ሁሉም የየራሱን ጫማ ነበር የሚያየው።

«ዛሬ ወይንህን ጠጥቻለሁ፣ ክሌም» አለች ኦሌና። ከጠዋት ጀምሮ ያወራችበት ለስላሳ ድምፅ አልነበረም። «በትርኢቱ ላይ ሪባን ያገኘውንም ቀምሻለሁ። ያኛው ኮኩን ከዛፉ ላይ እንደ መግመጥ ነበር። ከአንተ እጅ ያ ወይን አይወጣም።»

አርሊን አፏን በእጇ ሸፈነች። «ቨርን ለልደትህ የሰጠህ ጠርሙስ» አለች።

ክሌም ቀስ ብሎ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። በአንድ ጊዜ የመቶ ዓመት ሽማግሌ ሆነ። ቨርን በጠዋት አስጠርቶት፣ ሪባን ያገኘው ጠርሙስ የራሱ የቨርን እንደነበር ካወቀ መክረሙን እንደነገረው፣ ዛሬ ማኅበሩ ፊት ራሱ እንዲናገር እንደለመነው አወራ። ድምፁ አይሰማም ነበር፤ የኋላዎቹ ተጠግተው ነው ያዳመጡት።

«ያን እንኳ እችለው ነበር» አለ። «‹ወይንህ አይጠጣም፣ ክሌም፤ ድሮም ተጠጥቶ አያውቅም› አለኝ። በሕይወቴ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም። ‹ቆይ፣ ለምን እንደሆነ ልንገርህ› ብሎ አፉን ሲከፍት ገፋሁት።» ባልዲውን ቀና ብሎ አየ። «ይቺን ነበር ሊነግረኝ የፈለገው? ይቺን?»

ከዚያ የማኅበሩን ሰዎች አንድ በአንድ እያየ ጠየቀ። «ሁላችሁም ታውቁ ነበር? ይህን ሁሉ ዘመን ስትጠጡልኝ?»

በማጠቢያው ሲሚንቶ ላይ የወደቀው የቨርን ራስ ነው፤ አዳራሹ ውስጥ ግን ራሱን ያልደፋ አልነበረም።

ኦሌና ክሌምን ራሷ አሰረችው፤ ከዚያ ድዌይንን «ልጅህ ዘንድ ሂድ» አለችው። እናቱን አቅፎ ብዙ ቆየ። አርሊን ወደ ውጭ ገፋችው፤ ሰኞ እኔ እመሰክርልሃለሁ፣ አሁን ግን ሂድ አለችው።

ቨርን ደጃፍ ላይ ከጠዋት ጀምሮ የቆመችው የድዌይን መኪና ከብርዱ የተነሳ ሞታ ነበር። ቁልፉን ቢያዞር ቢያዞር አንዲት ድምፅ አላሰማችም። ራይሊ የፖሊሱን መኪና አምጥቶ አፍንጫ ለአፍንጫ አቆማትና የባትሪ ማስነሻ ገመዶቹን ይዞ ወረደ። ፊቱ ቀልቷል፤ ከብርዱ ይሁን ከሌላ አልታወቀም።

«ይቅርታ» አለ። «ጠዋት...»

«ቀዩን ስጠኝ» አለ ድዌይን።

ጎን ለጎን ጎንበስ ብለው አሰሩ። በአውራ ጎዳናው ላይ የሬጃይናዎቹ መብራት ብቅ አለ። ድዌይን ዘሎ ገባና ቁልፉን አዞረ፤ መኪናዋ ሳለች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ተነሳች። መርማሪዎቹ ወደ አዳራሹ ሲታጠፉ እሱ በአጠገባቸው አልፎ ወደ ኬልሲ ነዳ።