የትዊግ የኋላ እግሮች

ቨርን ታሎክ ጎረቤቱን ከመግደሉ በፊት ለፖሊስ ደወለ። የእጅ ስልክ ስላልነበረው የደወለው በዚያው በጎረቤቱ ስልክ ነው።

«ኒታ፣ ቶሎ ብትመጪ ይሻላል» አላት። «ኪት ባነርማን በአጥሩ ወዲያ ማዶ ቆሟል፤ እኔ ወዲህ ነኝ። ጠመንጃዬን ይዣለሁ። እስክትደርሺ እታገሣለሁ።»

«ምን አደረገዎት?»

«ትዊግን ገደለብኝ።»

ሳጅን ኒታ ዋርዴል ትዊግ ማን ናት ብላ አልጠየቀችም። በዚህ ሜዳ ላይ በግ ያረባ ሰው ሁሉ ያቺን ቀይ ውሻ ያውቃታል። ቨርን ሚስቱን ከቀበረ፣ ዓይኑም ከደከመ ወዲህ መንጋውን ከዳር ሰብስባ በረት የምታስገባለት እሷ ነበረች። እሱ በር ላይ ቆሞ ያፏጫል፤ የቀረውን እሷ ትጨርሰዋለች። ልጆቹ መሬቱን ትቶ እነሱ ዘንድ እንዲገባ በወተወቱት ቁጥር በእሷ ያመካኝ ነበር። ባለፈው የገና ዋዜማ መጠጥ ቤት ውስጥ ቆሞ፣ ልጆቹም ጎረቤቶቹም እየሰሙ፣ «ትዊግ በግ ማምጣት ያቃታት ቀን ልጄ ማርሊን ቤት እገባለሁ። እስከዚያ ድረስ ስለ መሄድ ማንም እንዳያነሳብኝ» አለ። ቨርን ቃሉን አጥፎ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ኒታ ስትደርስ ሁለቱ ሽማግሎች አጥሩን ከግራና ከቀኝ ተደግፈው አገኘቻቸው። ኪት በእጁ የሻይ ኩባያ ይዟል።

«ላንተም ልቅዳልህ ብለው እምቢ አለኝ» አለ ኪት። «ሊገድለኝ መጥቶ ሻዬን ይጸየፋል።»

ኒታ ጠመንጃውን እንደ መጥረጊያ እንጨት አፈሙዙን ይዛ ከቨርን እጅ ወሰደችና መኪናዋ ውስጥ ቆለፈችበት። ከዚያ ወደ ኪት ዞረች።

«መርዝ አስቀምጠሃል?»

«አስቀምጫለሁ። የዱር ውሻ ግልገሎቼን ዘርግፎ ጨረሰብኝ። በአጥሩ ሥር በሙሉ መርዝ የተቀባ ሥጋ አለ። ለሱም ነግሬዋለሁ፤ ቀይ ምልክትም ሰቅያለሁ።»

«ነግሮኛል» አለ ቨርን። «ለዚያ ነው ከግቢ ስትወጣ የሽቦ አፍ ማሰሪያ የማደርግላት። ያለሱ አንድ ቀን አላወጣኋትም።»

«ታዲያ ሥጋውን በጆሮዋ በላችው?»

«ኪት፣ አፍህን ያዝ» አለች ኒታ። «ጋሽ ቨርን፣ እንዴት እንደወደቀች ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

ቨርን ኮፍያውን አወለቀ። ከቀኝ ዓይኑ ሞራ በቅርቡ የተገፈፈለት ስለሆነ ብርሃኑ ያስለቅሰው ነበር።

«ትናንት ፒክአፑ ላይ ዘላ መውጣት አቃታት። አረጀች ብዬ ሳቅሁባት። ወደ ማታ የኋላ እግሮቿ እንደ ሰካራም ተወላገዱ። ዛሬ ጠዋት ጭራሽ መነሳት አልቻለችም። ልትጮኽ ስትሞክር ድምፁ የሷ አይደለም፤ ጉሮሮዋ ውስጥ ጨርቅ የተወተፈ ይመስላል። ማርሊን አየቻትና ‹አባባ፣ መርዝ ነው› አለችኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ለዚያ መርዝ ማርከሻ እንደሌለ ታውቂያለሽ። ጠመንጃዬን አመጣሁ።»

«አልሮጠችም? አላለቀሰችም? አረፋ አልደፈቀችም?»

«ዝም ብላ ታየኝ ነበር። ጠመንጃውን ስታይ ሥራ የምንወጣ መስሏት ጅራቷን አወዛወዘች።»

ኪት ኩባያውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

መርዝ የበላ ውሻ ዝም ብሎ አይተኛም። እያላዘነ ይሮጣል፣ ከአጥር ይጋጫል፣ አረፋ ደፍቆ ይሞታል። ቨርን ይህ ጠፍቶት አልነበረም። ነገር ግን እዚህ ሜዳ ላይ መርዝ የሚለው ቃል አንዴ ከተነገረ ወደ ሐኪም የሚሮጥ የለም፤ ሁሉም የሚሮጠው ወደ ጠመንጃ ነው። ይህም እንደ ደግነት ይቆጠራል። ቃሉን የሰማ ሰው ምልክቱን ቆሞ አይመረምርም።

ኒታ ቨርንን ይዛ ቤቱ ስትደርስ ደጃፉ ላይ ልጁ ግራንት ሲጋራ ያጨሳል። በአቅራቢያው ከተማ ጋራዥ አለው።

«እባብ ነው» አላት ገና ከመኪናዋ ሳትወርድ።

«በዚህ በነሐሴ የክረምት ውርጭ? እባብ ሁሉ ጉድጓዱ ውስጥ ደርቆ ተኝቷል።»

«እንግዲያው እኔ ነኝ በያ። መሬቱ ይሸጥ ስል የኖርኩት እኔ፤ ውሻዋንም አልወዳትም። አንዴ ነክሳኛለች።»

«ለምን ነከሰችህ?»

«ስለረገጥኳት።»

«ለመጨረሻ ጊዜ ያየሃት መቼ ነው?»

«በሕይወት ሳለች? ከፋሲካ ወዲህ አላየኋትም። ዛሬ የመጣሁት ማርሊን ጠርታኝ ነው፤ ስደርስ ተገድላ ነበር። ጉድጓዷን የቆፈርኩት ግን እኔ ነኝ። አባባ አካፋውን ይዞ ቆሞ ቀረ።»

ማርሊን ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች። የምትኖረው ከተራሮቹ ማዶ፣ ጫካው እስከ ጓሮ በሚደርስበት በባሕሩ ዳርቻ ነው። ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት፤ ለአባቷ ካልሲ የምታጠልቅለት፣ ሥጋውን የምትቆርጥለት እሷ ናት። የኒታ ውሻ ዶሪስ ከመኪናው ዘላ ወርዳ ማርሊን እግር ሥር ተቀመጠች። ማርሊንም ደረጃው ላይ ተቀምጣ ታሻሻት ጀመር።

«አባባ ያለ እሷ ሆስፒታል አልገባም ብሎ ነበር» አለች። «ዓይኑን እስኪሠሩለት ሁለቱም እኔ ቤት ሰነበቱ። እሁድ መለስኳቸው፤ እስኪበረታም ብዬ አብሬው ቆየሁ።»

«ትዊግ እዚያ ምን ትሠራ ነበር?»

«ምን ትሠራለች፣ በግ የለ። ጫካው ውስጥ ስትዞር ትውላለች።»

ኒታ የምታየው ፊቷን ሳይሆን እጇን ነበር። የማርሊን ጣቶች ከዶሪስ ጆሮ ጀርባ ገብተው ፀጉሩን ወደ ኋላ እየገለጡ ቆዳውን ዳበሱ። ወደ አገጯ ወረዱ፣ ከአንገት ቀበቶዋ ሥር ገቡ፣ በብብቷ አለፉ፣ በእግሯ ጣቶች መካከል አንድ በአንድ ፈተሹ። በግራ በኩል ጨርሰው በቀኝ ጀመሩ። ባለቤታቸው ስለ ሌላ ነገር ታወራለች።

«ትዊግ ቆሽሻ ነበር መሰለኝ» አለች ኒታ።

«በጣም። ረቡዕ አጠብኳት።»

«ቀበቶዋን አውልቀሽ?»

«ታዲያ ቀበቶውን ሳሙና ልቀባው?»

ኒታ አመሰገነችና ግራንትን አካፋ እንዲያመጣ አዘዘችው። ቨርን መንገዱ ላይ ቆመ።

«አሁን እንኳ ተያት» አላት። «አፈር ለብሳለች።»

«በሷ ምክንያት ሰው ሊገድሉ ነበር፣ ጋሽ ቨርን። ማየት አለብኝ።»

ጉድጓዱ ጥልቅ አልነበረም። ኒታ ጆንያውን ፈትታ ቀበቶውን አወለቀች፤ ጣቶቿን ከውሻዋ አንገት ሥር አስገብታ ቆየች። ከዚያ አንድ ነገር በቁንጥጫ ነቅላ መሐረቧ ላይ አኖረችና ኪትም እንዲጠራ አደረገች። አራቱም በጉድጓዱ ዙሪያ ቆሙ።

«ኪት ውሻዋን አልገደላትም» አለች ኒታ። «አፏ ታስሮ ነው ከግቢ የምትወጣው፤ አወዳደቋም የመርዝ አይደለም። እባብም አይደለም። መጀመሪያ የኋላ እግሮቿ ከዷት፣ ቀጥሎ ድምፅዋ ተለወጠ፤ አእምሮዋ ግን እንዳለ ነበር። ከታች ጀምሮ ወደ ላይ የሚያሰንፍ ነገር ነው። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመደብኩት በባሕሩ ዳርቻ ስለነበር እንዲህ የወደቁ ውሾች ብዙ አይቻለሁ።»

መሐረቡን ዘረጋችው። ግራጫ፣ የአተር ፍሬ የሚያህል፣ በደም የተነፋ መዥገር ነበር።

«ይኼ ነው?» አለ ግራንት። «መዥገር?»

«እዚህ ሜዳ ላይ የማይኖር መዥገር ነው። የሚኖረው ከተራሮቹ ማዶ ነው። ከተጣበቀ በኋላ ቀናት ቆይቶ ነው የሚያሽመደምደው። ስለዚህ ትዊግ ይዛው የመጣችው ከዚያ ነው። ግራንት ከፋሲካ ወዲህ አላያትም፤ ኪት ወደዚያ ሄዶ አያውቅም። ጋሽ ቨርን ዓይንዎ ታሟል፤ የዚህ አገር ሰው ደግሞ ውሻው ላይ መዥገር የመፈለግ ልማድ የለውም። የባሕር ዳርቻ ሰው ግን ማታ ማታ ሳይፈትሽ አይተኛም። ልማዱ ከመጥናቱ የተነሳ የማያውቀውንም ውሻ ሳያስበው ይፈትሻል።»

ማርሊን እጆቿን ፎጣው ውስጥ ሸሸገች።

«የኔን ውሻ ዛሬ እስከ ጣቷ ፈተሽሻት። ትዊግን ደግሞ ረቡዕ ቀበቶዋን አውልቀሽ በሳሙና አሽተሻታል። መዥገሩ ከቀበቶው ሥር ነበር፤ ያን ጊዜም ሊያመልጥሽ አይችልም። አገኘሽው፤ ቀበቶውንም መልሰሽ አሰርሽበት። ዛሬ ስትወድቅ ሐኪም ቢጠራ ኖሮ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። ስለዚህ ሐኪም የማያስጠራውን ቃል ተናገርሽ።»

ማርሊን ስትናገር ድምፅዋ እንደ ወትሮው ለስላሳ ነበር።

«እኔ አላስቀመጥኩባትም። ጫካው ውስጥ ስትዞር ያመጣችው ነው። ሳየው ነገ አወጣዋለሁ አልኩ። ማግስቱን ስትወላገድ አየሁና… ተውኩት።» ወደ አባቷ ዞረች። «ስንት ዓመት ለመንኩህ? ሜዳ ላይ ወድቀህ ቁራ ዓይንህን ሲጎለጉለው ሰው እንዲነግረኝ ነው የምትፈልገው? አንድ ውሻ ናት፣ አባባ። እኔ ልጅህ ነኝ።»

«አንቺ ሰው» አለ ግራንት። «እኔ እንኳ የረገጥኳት በፊት ለፊት ነው።»

ቨርን ልጁን አላያትም። ኒታን ነበር የሚያያት።

«ባልተኩስ ኖሮ ትድን ነበር?»

ኒታ ልትዋሽለት ትችል ነበር። ኪት ዋሺለት በሚል ዓይን አያት።

«አዎ» አለች። «ተነቅሎላት የመዥገሩን ማርከሻ መርፌ ብትወጋ ሳትድን አትቀርም ነበር።»

ቨርን ራሱን ነቀነቀ። ተንበርክኮ ጆንያውን ራሱ አሰረ፤ አፈሩንም በእጁ መለሰው። ማንም አላገዘውም። ሲጨርስ ወደ ኪት ቀና ብሎ፣ «በጎቹን ውሰዳቸው፤ ዋጋቸውን ለግራንት ንገረው» አለና ወደ ቤት ገባ። ኒታ ለማርሊን በእንስሳ ላይ በመጨከን ክስ እንደምትጽፍባት ነገረቻት። ቅጣቱ መቀጮ ነው፤ ከዚያ በላይ ሕጉ አያውቅም።

ቨርን ትንሽ ሻንጣ ይዞ ወጣ። በቀጥታ ወደ ማርሊን መኪና ሄዶ ከበሩ አጠገብ ቆመ።

«ወዴት ነው?» አለች ማርሊን።

«በሰው ፊት ቃል ሰጥቻለሁ። ትዊግ በግ ማምጣት አቅቷታል።»

«አባባ፣ ተው። እዚሁ ሁን። ሌላ ውሻ እፈልግልሃለሁ፤ እኔም እየመጣሁ…»

«በሩን ክፈቺ።»

ከፈተችለት። ገብቶ ተቀመጠ፤ ሻንጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ፊት ለፊቱን እያየ ጠበቃት።

እስኪሞት ድረስ እሷ ቤት ኖረ። ያቀረበችለትን በላ፣ የሰጠችውን መድኃኒት ዋጠ፣ ካልሲውን ስታጠልቅለት እግሩን ዘረጋላት። ድምፁን ግን አንድ ቀን እንኳ አላሰማትም።